ፋይላችሁን የሚመልስ ባክአፕ፦ ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን ፕሮግራም አመራረጥ

የኮምፒውተር ዲስክ ሲሞት ብዙ ጊዜ አያስጠነቅቅም። በተለይ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው ማከማቻ፣ ማታ በደህና ተዘግቶ ጠዋት ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላያውቀው ይችላል። በስህተት የተሰረዘ ፋይልም ከኤስኤስዲ ላይ ለማስመለስ ከድሮው ዲስክ የባሰ ያስቸግራል። ፋይል ሲሰረዝ ዊንዶውስም ሆነ ማክ «ትሪም» የተባለ ትእዛዝ ወደ ዲስኩ ይልካሉ፤ ዲስኩም ያንን ቦታ በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። የጠፋ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራሞች ከዚያ በኋላ የሚያገኙት ባዶ ቦታ ነው። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ ማለትም ባክአፕ (ምትኬ የሚሉትም አሉ)፣ ከሌለ ነገሩ አከተመ።

የባክአፕ ፕሮግራም ፍለጋ የወጣ ሰው በምርጫው ብዛት ግራ መጋባቱ አይቀርም። ሁሉም ፋይል መገልበጥ ይችላሉ፤ በዚህ በኩል አንዱ ከሌላው እምብዛም አይበልጥም። ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ፋይል ጠፍቶ «በል መልስ» በሚባሉበት ቀን ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ምክር ሁሉ በአንድ መለኪያ ላይ የቆመ ነው፦ ፕሮግራሙ የወሰደውን እንዴት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ ይመልሳል?

ሲንክ ባክአፕ አይደለም

ብዙ ሰው «ፋይሌ ክላውድ ላይ አለ» ብሎ ይተኛል። ዋንድራይቭ፣ ጉግል ድራይቭና ድሮፕቦክስ የተባሉት የኢንተርኔት ማከማቻዎች ግን በዋናነት የሚሠሩት ሲንክ ነው፤ ማለትም እዚህ ያለውን ፎልደርና እዚያ ያለውን አንድ ዓይነት ማድረግ። ላፕቶፑ ላይ የሰረዛችሁት ፎልደር ወዲያው ከክላውዱም፣ ከሌላው ኮምፒውተርም ይሰረዛል። ያበላሻችሁት ሰነድ በደህናው ቅጂ ላይ ይጻፋል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ከገባ ደግሞ የተቆለፉት ፋይሎች ልክ እንደማንኛውም አዲስ ለውጥ ወደ ክላውዱ ይጫናሉ።

እርግጥ እነዚህ አገልግሎቶች የተሰረዘውን የሚያቆዩበት ቅርጫት አላቸው። ጉግል ድራይቭ ለ30 ቀን ያቆያል፤ የዋንድራይቭ የግል አካውንትም እንዲሁ 30 ቀን ነው። ችግሩ ሰው ፋይል መጥፋቱን የሚያውቀው ሲፈልገው መሆኑ ነው። የዓመት ግብር ሰነድ ወይም የልጆች የልደት ፎቶ በወር ውስጥ ላይፈለግ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ጣጣ አለ። ዋንድራይቭ ቦታ ለመቆጠብ ሲል አንዳንድ ፋይሎችን ክላውዱ ላይ ብቻ ያስቀርና ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን ብቻ ይተዋል። ፋይሉ አጠገብ ትንሽ የደመና ምልክት ካያችሁ ይዘቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ የለም ማለት ነው። አይክላውድም የማክን ማከማቻ እንዲቆጥብ ከተፈቀደለት እንደዚሁ ያደርጋል። የባክአፕ ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ የሌለውን ነገር ሊገለብጥ ስለማይችል እነዚህን ፋይሎች ዘሏቸው ሊያልፍ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ሁልጊዜ በዚህ ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ምርጫ ምረጡ።

ፕሮግራሙን የምትጠይቁት

የመጀመሪያው ጥያቄ አጭር ነው፦ ሰው ሳያስታውሰው በራሱ ሰዓት ይሠራል ወይ? ቁልፍ ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ለሦስት ሳምንት ይሠራበታል፤ ከዚያ ይረሳል። ይህን የማያሟላውን ሌላ ነገሩን ሳታዩ እለፉት።

ሁለተኛው፣ የድሮ ቅጂዎችን (ቨርዥን የሚባሉትን) ያቆያል ወይ? ይህ የነገሩ እምብርት ነው። ጥናታችሁን ማክሰኞ ጽፋችሁ ረቡዕ በስህተት ግማሹን አጥፍታችሁ «ሴቭ» ብትሉና ባክአፑ ረቡዕ ማታ ቢሠራ፣ አንድ ቅጂ ብቻ የሚይዝ ፕሮግራም የማክሰኞውን በረቡዕ ይተካዋል። ያኔ በእጃችሁ ያለው የስህተቱ ሁለት ቅጂ ነው። «ሚረር» የሚል ስም ያለው አሠራር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከዚህኛው ወገን የተሰረዘውን ከዚያኛውም ይሰርዛል። ፍሪፋይልሲንክ ለምሳሌ ነጻና ንጹሕ ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን ሚረር ላይ አድርጎ የሚጠቀምበት ሰው የሚሰረዙና የሚተኩ ፋይሎች ወደ ሌላ ፎልደር እንዲሄዱ «ቨርዥኒንግ» የሚለውን ምርጫ ራሱ ማብራት አለበት። ይህችን አንድ ምርጫ ሳይነኩ መጠቀም አደገኛ ነው።

ምን ያህል ጊዜ ይቆይ? ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን እስከ ታወቀበት ቀን ካለው ጊዜ መብለጥ አለበት። ለቤት ኮምፒውተር ከስድስት ወር ባያንስ ጥሩ ነው፤ አንድ ዓመት ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ችግር ይሸፍናል። ቦታ ይፈጃል የሚለው ስጋት ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ አንዴ ከተነሱ አይለወጡም፣ ስለዚህ የሚያዙት አንዴ ብቻ ነው። ቦታ የሚበላው ትልቅ ሆኖ በየቀኑ የሚለወጥ ፋይል ነው። የኢሜይል ማከማቻ ፋይላችሁ 10 ጊጋባይት ነው እንበል። በቀን አንድ ደብዳቤ ቢገባበት እንኳ ፋይሉ ተለውጧልና፣ ሙሉ ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም በየቀኑ 10 ጊጋባይቱን እንደገና ይወስደዋል፤ በ30 ቀን 300 ጊጋባይት ማለት ነው። ፋይሉን ቆራርጦ የተለወጠችዋን ቁራሽ ብቻ የሚወስድ ፕሮግራም (ዱፕሊካቲ፣ ኮፒያና ሬስቲክ እንዲህ ናቸው) ያንኑ ሥራ በጥቂቱ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ፋይል ከሌላችሁ ይህ ልዩነት ብዙም አያሳስባችሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ባክአፑ ያለ ፕሮግራሙ ይከፈታል ወይ? በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፋይል ሂስትሪ ያስቀመጠበትን ዲስክ ብትከፍቱ ፋይል ሂስትሪ የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ በውስጡ የተጠቃሚው ስም፣ ከዚያ የኮምፒውተሩ ስም፣ ከዚያ ዳታ፣ ከዚያ የዲስኩ ፊደል እያለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሰነዳችሁ በራሱ ስም ቁጭ ብሏል፤ ከስሙ ጎን በቅንፍ የተያዘበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ «ደብዳቤ (2024_03_12 08_15_22 ዩቲሲ)» እንደሚል ዓይነት። ሰዓቱ የግሪንዊች ስለሆነ ከግድግዳ ሰዓታችሁ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ በዚህ አትደናገጡ። ዋናው ቁም ነገር ዲስኩን ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ፣ ምንም ሳትጭኑ፣ ይህን ፋይል ሁለቴ ነክታችሁ መክፈት መቻላችሁ ነው።

ሌሎቹ እንደዚህ አይደሉም። ዱፕሊካቲ ፋይሎቹን ቆራርጦ፣ አምቆ፣ ከፈለጋችሁም መስጥሮ 50 ሜጋባይት ገደማ በሆኑ ጥቅሎች ያስቀምጣል። ጥቅሉን ብትከፍቱት የእናንተ የሚመስል ነገር አታዩበትም። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ለመመለስ ፕሮግራሙን መጫን ይኖርባችኋል፤ እሱም መጀመሪያ ዝርዝሩን ከጥቅሎቹ ውስጥ መልሶ ማሰናዳት አለበት፤ ባክአፑ ትልቅ ከሆነ ይህ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ይህ ጉድለት ነው ማለት አይደለም፤ ቦታ የሚቆጥበውና ሚስጥር የሚጠብቀው በዚሁ አሠራሩ ነው። ግን ኮምፒውተር ብዙ ለማይነካካ ቤተሰብ እንደ ፋይል ሂስትሪ ያለው ግልጥ ያለ ቅጂ ይሻላል ብለን እናምናለን። ባክአፑን ያዘጋጀው ሰው በሌለበት ቀን ሌላው የቤት ሰው ሊከፍተው ይገባልና።

አራተኛው፣ ሳይሳካለት ሲቀር ይናገራል ወይ? እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የፕሮግራመሮች አገልግሎት ላይ አንድ ባለሙያ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሰረዘ። ድርጅቱ ራሱ ይፋ እንዳደረገው፣ ባክአፑን ሊያወጡ ሲሄዱ ማስቀመጫው ባዶ ነበር። ባክአፕ የሚወስደው መሣሪያ ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር ስለማይገጥም ሁልጊዜ ይከሽፍ ነበር፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ እየተደረገ ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው ስረዛው ከመድረሱ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ ሲባል ተወስዶ የነበረ ቅጂ ነው። ባለሙያ በሞላበት ቤት ይህ ከደረሰ፣ የእኛ ቤት ፕሮግራም «ከ10 ቀን ወዲህ ባክአፕ አልተወሰደም» ብሎ ስክሪኑ ላይ በግልጽ ሊጽፍልን ይገባል። ከሰዓቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ምልክት ቀለም ብቻ የሚናገር ፕሮግራም እንደማይናገር ቁጠሩት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ጀምሩ

ማክ ያለው ሰው ብዙ መድከም አያስፈልገውም። ከ2007 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ታይም ማሽን አራቱንም ጥያቄ በደንብ ይመልሳል። ላለፉት 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ላለፈው ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ላለው በየሳምንቱ ቅጂ ያቆያል፤ ዲስኩ ሲሞላ ከሁሉም የቆየውን ይሰርዛል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ አዲስ ዲስክ ስትሰጡት አጥፍቶ በራሱ ፎርማት (የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት) ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ ፋይል ያለበትን ዲስክ አትስጡት።

ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ትንሽ የተዝረከረከ ነው፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሦስት ነገሮች አሉበት። «ዊንዶውስ ባክአፕ» የሚለው አዲሱ መተግበሪያ ፎልደሮቻችሁን ወደ ዋንድራይቭ የሚወስድ ነው፤ ነጻው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ፎቶ ያለው ሰው ወዲያው ይሞላበታል፤ ከላይ ያልነው የሲንክ ጣጣም አለበት። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ የቀረው የዊንዶውስ 7 ባክአፕ ደግሞ የሙሉ ዲስክ ምስል (ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሞቹ የያዘ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ) የሚወስድበትን ክፍል ማይክሮሶፍት ከ2017 ጀምሮ ማሻሻል አቁሟል። የቀረው ፋይል ሂስትሪ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው የምንመክረውም እሱን ነው።

ፋይል ሂስትሪ ካላበራችሁት አይሠራም። ኤክስተርናል ዲስኩን ሰኩ፤ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ገብታችሁ ፋይል ሂስትሪን ክፈቱ፤ ዲስኩን ምረጡና «ተርን ኦን» በሉ። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን አድቫንስድ ሴቲንግስ ሳትከፍቱ አትውጡ። እዚያ ሁለት ምርጫ አለ። በስንት ጊዜ ይገልብጥ ለሚለው የተሰጠው አንድ ሰዓት በቂ ነው። እስከ መቼ ያቆይ የሚለው ግን «ለዘላለም» ላይ ነው የሚመጣው፤ ይህ ጥሩ ይምሰል እንጂ ዲስኩ ሲሞላ ባክአፑ ይቆማል። «ቦታ እስኪያስፈልግ» የሚለውን ወይም አንድ ዓመትን ምረጡ። ሌላው ቀዳዳ ይኸውና፦ ፋይል ሂስትሪ የሚያየው ዴስክቶፕን፣ ሰነዶችን፣ ፎቶዎችን፣ ሙዚቃንና ቪዲዮን የመሳሰሉ የታወቁ ፎልደሮችን ነው። በዲ ድራይቭ ላይ ወይም በሲ ሥር በቀጥታ የፈጠራችሁትን ፎልደር አያውቀውም። ወይ ወደ ሰነዶች ውስጥ አዛውሩት፣ ወይ በቀኝ ክሊክ ወደ ላይብረሪ ጨምሩት።

ሊነክስ ላይ ለተራ ተጠቃሚ ዴጃ ዱፕ ይበቃል፤ በኡቡንቱ ላይ «ባክአፕስ» በሚል ስም ይታወቃል። ከታይምሺፍት ጋር አታምታቱት። ታይምሺፍት የሲስተሙን ፋይሎች ወደ ኋላ ለመመለስ የተሠራ ስለሆነ የግል ፋይሎቻችሁ ያሉበትን ሆም ፎልደር ካልነገሩት አይወስድም።

ከፋይሎቹ በተጨማሪ ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሞቹ እንዳለ መመለስ የሚፈልግ ሰው የዲስክ ምስል የሚወስድ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ለዓመታት ሲመከር የኖረው የማክሪየም ሪፍሌክት ነጻ ቨርዥን ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ማሻሻያ አያገኝም፤ አሁን በነጻ ከሚገኙት የቪም ኤጀንት ነጻ ቨርዥን ደህና ነው። ምስል የሚወስድ ሰው ግን ያንኑ ቀን ማስነሻ ፍላሽ ማዘጋጀት አለበት። ዲስኩ ከሞተ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ የሞተው ዲስክ ውስጥ ነውና፣ ያለ ፍላሹ ምስሉን የሚያወጣው የለም። ፍላሹ ኮምፒውተሩን ማስነሳቱንም አሁኑኑ ሞክሩት። በእኛ አስተያየት ሰነድና ፎቶ ብቻ ያለው ቤት ምስል አያስፈልገውም፤ ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል፣ ፎቶ ግን እንደገና አይነሳም።

ዲስኩ

መጠኑን በግምት አትግዙ። ዊንዶውስ ላይ በስማችሁ ያለውን የተጠቃሚ ፎልደር በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ፕሮፐርቲስ» በሉና መጠኑን አንብቡ። 180 ጊጋባይት ካለ፣ ለድሮ ቅጂዎችም ቦታ እንዲኖር በእጥፍ አስቡት፣ 360 ይሆናል፤ 500 ጊጋባይት ያለው ዲስክ ይበቃል፣ 1 ቴራባይት ደግሞ ለሚቀጥሉት ዓመታት ያመቻል። ለባክአፕ የሚሽከረከረው ዓይነት ዲስክ ጥሩ ነው። ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ የያዘውን ሊለቅ ስለሚችል ተገልብጦ ለሚረሳ ነገር አይመረጥም።

የመጀመሪያው ባክአፕ ጊዜ ይወስዳል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትንቀሉት። 500 ጊጋባይት በዩኤስቢ 2 ሲሄድ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ጥቃቅን ፋይል የበዛበት ፎልደር ከዚህም ይዘገያል። በኢንተርኔት ደግሞ ሌላ ነው፦ 200 ጊጋባይት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው) በሚጭን መስመር ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ አራት ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ክላውድ ለባክአፕ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የመጫኛ ፍጥነቱን ይለካ፤ ማውረጃው ፈጣን መሆኑ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

ፎርማቱ ለዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። በፋት32 የተዘጋጀ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ረጅም ቪዲዮ አልገባም ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ፎርማት መቀየር ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አትርሱ።

ዲስኩ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይቆይ ወይስ ይነቀል? ተሰክቶ ከቆየ ባክአፑ አይቋረጥም፤ ግን ራንሰምዌር የገባ ቀን ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። ከተነቀለ ከዚህ ይድናል፤ ግን ይረሳል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ሁለት ዲስክ መያዝ ነው፦ አንዱ ይሰካ፣ አንዱ ይነቀል፤ በወሩ መጀመሪያ ይቀያየሩ። ታይም ማሽን ሁለት ዲስክ በራሱ ያፈራርቃል። የተነቀለው ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ቤት ወይም ቢሮ ቢቀመጥ ደግሞ ከእሳትና ከሌባም ይተርፋል። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው «3-2-1» የሚባለው ደንብ ይኸው ነው፤ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱ ሌላ ቦታ።

ከቤት የሚወጣ ዲስክ በይለፍ ቃል ቢመሰጠር መልካም ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ከጠፋ ባክአፑም ጠፋ፣ የሚከፍትላችሁ ኩባንያ የለም። ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር የተባለው መመስጠሪያ የሚሰጣችሁን ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፍ በወረቀት ጽፋችሁ ከዲስኩ ለይታችሁ አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመቆለፍ ነው።

ከመጫን በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

ፕሮግራሙን እንደጫናችሁ ሙከራ የሚል ፎልደር ሰነዶች ውስጥ ፍጠሩ። ሦስት ፋይል አስገቡበት፦ «አንድ» የሚል ቃል ብቻ የተጻፈበት ሰነድ፣ አንድ ፎቶ፣ ስሙ በአማርኛ ረዘም ተደርጎ የተጻፈ አንድ ፋይል። ባክአፑ እንዲሠራ እዘዙት። ከዚያ በሰነዱ ላይ «አንድ»ን አጥፍታችሁ «ሁለት» ብላችሁ ጻፉ፤ ፎቶውን ሰርዙ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ፤ ባክአፑን እንደገና አሠሩት።

አሁን ፕሮግራሙን ጠይቁት። «አንድ» የሚለውን የድሮውን ሰነድ ያመጣል? የተሰረዘውን ፎቶ ያመጣል? የአማርኛው ስም እንዳለ ተመልሷል ወይስ በጥያቄ ምልክት ተሞልቷል? አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ከላቲን ፊደል ውጭ ያለን ስም ያበላሻሉ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ከነፎልደሮቹ ስም ከ260 ፊደል የሚያልፍ አድራሻ ያለው ፋይል ብዙ ፕሮግራሞችን ያደናቅፋል፤ ፋይል ሂስትሪም ፎልደር በፎልደር ሲደራረብበት እንዲህ ያለውን ሳይወስድ ሊቀር ይችላል። ስትመልሱ ከዋናው ፋይል ላይ አታስጽፉ፤ ሁልጊዜ ሌላ ባዶ ፎልደር ውስጥ አስወጡና እያያችሁ ውሰዱ። በመጨረሻ ዲስኩን ነቅላችሁ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰኩና ያንኑ ሰነድ ከዚያ አውጡት። ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ይህ ነው፤ ኮምፒውተራችሁ በሞተ ቀን የምትሠሩትም ልክ ይህንኑ ነው።

ይህን ሙከራ በስድስት ወር አንዴ ድገሙት፤ ያኔ ከሙከራው ፎልደር ይልቅ ከቆዩ ፎቶዎች አሥሩን አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ። የፋይሉ ስም መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ፕሮግራሙን የምትቀይሩበት ቀን ከመጣ የድሮውን ባክአፕ አትሰርዙ። አዲሱ ሁለትና ሦስት ወር ሠርቶ ከላይ ያለውን ፈተና እስኪያልፍ አብረው ይቆዩ። የድሮው ቅጂዎች ያለ ፕሮግራሙ የማይከፈቱ ከሆነ የመጫኛውን ፋይል እዚያው ዲስክ ላይ አስቀምጡና፣ የፕሮግራሙን ስምና የተወሰደበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ዲስኩ ላይ ለጥፉ።